እሱ እስር ቤት፣ እኔ ሳንባ ክፍል

ባሌ ሲታሰር እኔ ማሳል ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር። ሳሉን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከጠመኔ ብናኝና ከልጆች ጩኸት ጋር የሚውል ሰው ጉሮሮው ደህና ሆኖ አያውቅም። ማታ ማታ አንሶላው እስኪርስ ሲያልበኝም የመቐለ ሙቀት ነው እያልኩ አለፍኩት። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ሌላው አገር ሁሉ ሙቀት ነው።

ወደዚህ ከተማ ያመጣኝ ባሌ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በእኛ ከተማ በኩል ሲመላለስ ተዋወቅን፣ ተጋባን፤ ተከትዬው መጣሁና አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ጀመርኩ። ትንሽ ልጅ አለችን፤ ያኔ ገና አፀደ ሕፃናት ነበረች። የምንኖረው ኪራይ ቤት ውስጥ ከእናቱ ጋር ነው። እሱ እንደሚጠራቸው እኔም "አደይ" እላቸዋለሁ፤ እናቴ እንደማለት ነው። አማርኛቸው ትግርኛ ይቀላቀልበታል፣ የእኔ ትግርኛ ደግሞ አማርኛ፤ መሃል ላይ እንገናኛለን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባሌ አሸዋ ጭኖ ከኲሓ ወደ ከተማ እየወረደ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ድንገት ገቡበት። ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ግን ከባድ ነው፣ መንገዱም ቁልቁለት። ወርዶ አቅፎ አነሳቸውና ሌላ መኪና አስቁሞ ወደ ሆስፒታል ይዟቸው ሄደ። እቅፉ ውስጥ እንዳሉ አረፉ። ከሆስፒታሉ ወጥቶ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄደና እጁን ሰጠ።

ስልክ ሲደውል ደብተር እያረምኩ ነበር።

"ሰው ገደልኩ" አለኝ።

"ምን?"

"ሽማግሌ ናቸው። አላየኋቸውም። ስልኬን ሊወስዱት ነው። ልጅቷን ሳሚልኝ።"

መስመሩ ተቋረጠ። የተናገረውን ደግሜ ለአደይ መንገር አቃተኝ። ግን ከፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ ነጠላቸውን አንስተው "የት ነው ያለው?" ብቻ አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤታችን ሰው አልተለየውም። ጎረቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ ሰው፣ የሹፌር ጓደኞቹ፣ ሁሉም እየመጣ "እግዚአብሔር ያስፈታው" ብሎ ይቀመጣል። አከራያችን ስኳርና ቡና ይዘው መጡ። ለታሰረ ሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚባል፣ መቼ እንደሚወጣ ሰው ያውቃል። በእነዚያ ሳምንታት ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን ብቻዬን አልነበርኩም።

አደይና እኔ በየተራ ምግብ እናደርስ ጀመር፤ መጀመሪያ ጣቢያው፣ በኋላ ማረሚያ ቤቱ። በሩ ላይ ሰልፍ አለ። ተራሽ ሲደርስ ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ያስከፍትሽና "ቅመሺ" ይልሻል። ያመጣሽው ምግብ ውስጥ መርዝ አለመኖሩን የምታረጋግጪው አንቺው ነሽ። ለባሌ ከሠራሁት ሽሮ ላይ አንድ ጉርሻ ቆርሼ፣ እንግዳ ሰው እያየኝ አኝኬ እውጣለሁ። መጀመሪያ ቀን አፌ ውስጥ ደርቆ አልወርድ አለኝ። አደይ ግን ይህን ወደውት ነበር። "ከልጄ ጋር አብሬ በላሁ ማለት ነው" አሉኝ።

ባሌን የማየው በሁለት አጥር መካከል ነበር። እዚህ ወገን ጠያቂው ይጮሃል፣ እዚያ ወገን እስረኛው ይጮሃል፤ ማን ለማን እንደሚናገር ለማወቅ ዓይን ለዓይን ተያይዞ መቅረት ያስፈልጋል። አንድ ቀን ስጮህ ሳሉ ያዘኝ። አጥሩን ጨብጬ አጎነበስኩ፤ ቀና ስል ፊቱ ተለውጧል።

"ከስተሻል!" አለ እየጮኸ።

"ሐሳብ ነው!"

"ሐኪም ቤት ሂጂ!"

"እሺ!"

ሄድኩ። አንድ ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ትንሽ ቀለል አለኝና ተመልሶ ባሰብኝ። አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳልኩና እጄን ሳየው ደም አለበት። ጠመኔውን አስቀመጥኩ፤ ልጆቹ እንዳያዩ እጄን በጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ከክፍሉ ወጣሁ። ወደዚያ ክፍል ድጋሚ የተመለስኩት ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ ነው።

ሆስፒታሉ አክታዬን መረመረ። ውጤቱን የነገረችኝ አንዲት ሲስተር ናት፤ በኋላ ሕክምናዬን እስከ መጨረሻው የተከታተለችኝ እሷው ነች። መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ክፍል ውስጥ፣ ማስኳን አጥብቃ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

"ቲቢ ነው" አለችኝ። "ግን የተለመደውን መድኃኒት የማይሰማው ዓይነት ነው። መድኃኒት የተላመደ እንለዋለን። ይድናል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ መድኃኒቱም ይከብዳል። መጀመሪያ እዚህ ተኝተሽ ትጀምሪያለሽ።"

"ቤት ልጅ አለችኝ።"

"ለዚያም ነው የምትተኚው።"

ልጄ ከእኔ ጋር ነበር የምትተኛው። አባቷ ከታሰረ ወዲህ ብቻዋን አልተኛም ብላ አንገቴ ሥር ተወሽቃ ነበር የምታድረው። እነዚያን ሁሉ ሌሊቶች ትንፋሼ ፊቷ ላይ ነበር። ሲስተሯ ስለ መድኃኒቱ ታስረዳኛለች፤ እኔ ግን የማስበው ይህንን ብቻ ነው። ስለ ራሴ መፍራት የጀመርኩት ቆይቼ ነው፤ ያን ጊዜ ቦታውን ሁሉ የያዘችው ልጄ ነበረች።

ቤት ሄጄ ልብስ እንድይዝ እንኳ አልፈለግኩም፤ ልጄን ካየኋት መለየት አልችልም። አደይ ልብሴን በፌስታል ይዘው መጡና በር ላይ ቆሙ። ሲስተሯ ማስክ ሰጠቻቸው። በሽታው ምን እንደሆነ ነገርኳቸው።

ከዚያ "አጆኺ ጓለይ" አሉኝ፣ አይዞሽ ልጄ ለማለት። "ያን ሁሉ የጦርነት ዓመት አልፈን በሳል አንሸነፍም። ግን ለእሱ አንነግረውም።"

"ስቀር ለምን ቀረች ብሎ አይጠይቅም?"

"ይጠይቃል። እናቷ ታመው ደብረ ብርሃን ሄደች እለዋለሁ። እዚያ ሆኖ ምን ሊያደርግልሽ? ግድግዳ ከመደብደብ በቀር።"

በእናቴ ላይ ያሟረትን መሰለኝ። ግን የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። ተስማማሁ።

የሳንባ ክፍሉ ከሌሎቹ ሕንጻዎች ገለል ብሎ ነው የተሠራው። በሩ አይቆለፍም። ዘበኛ ቢኖርም የሚጠብቀው የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን አይደለም። ብወጣ የሚከለክለኝ ሰው የለም፤ ነገር ግን የት እሄዳለሁ? ሮማናት አደባባይ ሄጄ ካፌ ልቀመጥ? ታክሲ ውስጥ ልግባ? ያ ክፍት በር ከማንኛውም የብረት በር ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

መድኃኒቱ ብዙ ክኒን ነው። ከዋጥኩት በኋላ ሆዴ ይገለባበጣል። የእግሬ ጣቶች እየደነዘዙ መጡ፤ ቆዳዬ ቀን በቀን እየጠቆረ ሄደ። ሲስተሯ "ይሄ የመድኃኒቱ ነው፤ ስትጨርሺ ይለቅሻል" ብትለኝም መስተዋት ማየት ተውኩ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን መድኃኒቱ የሚመጣበት መንገድ ቢዘጋስ የሚለው ነበር። ሱቅ ውስጥ ክኒን የጠፋበትን ጊዜ የመቐለ ሰው አይረሳም። ጠዋት ጠዋት የሲስተሯ ኮቴ ትንሽ ከዘገየ ዛሬ አልቋል ልትለኝ ነው እላለሁ።

አደይ አሁን የሚጓዙት በሁለት ምሳ ዕቃ ነበር። መጀመሪያ ማረሚያ ቤት ይደርሳሉ፤ ሰልፍ ይዘው፣ ቀምሰው፣ ልጃቸውን በአጥር አይተው፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ ጋ ግን የሚያቀምሳቸው የለም። ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ይላሉ። ሲስተሯ በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በሳህን እንዳልሆነ ደጋግማ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል። ሰፈሩ ግን አልገባውም። አከራያችን የግቢውን ቧንቧ ከእኛ በኋላ በአመድ ሳያሹ መንካት አቁመዋል። ለታሰረው ባሌ ቤቱን የሞላው ሰው፣ ለታመምኩት ለእኔ አንድም ሰው ደጃፉን አልረገጠም። አደይ ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው፤ ያኔ "ሁሉም ሰላም ብለውሻል" ነበር የሚሉኝ።

ጎኔ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ሴት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ከገጠር ናት። በመሬት ጠብ ሰው ተጎድቶ፣ ተፈርዶባት ዓመታት ታስራ የወጣች ናት። አማርኛ የተማረችው እስር ቤት ውስጥ ከነበሩ የሌላ አገር ሴቶች ነው፤ ስለዚህ አማርኛዋ ውስጥ የእስረኛ ቃል ይበዛል። ባሌ መታሰሩን ስነግራት ከአልጋዋ ቀና አለች።

"ተፈረደበት?"

"ገና ነው። ቀጠሮ ላይ ነው።"

"ሕማሙ እሱ ነው ሓፍተይ፣ እህቴ። ቀጠሮ ነው የሚገድለው። እኔ ዳኛው የፈረደብኝ ዕለት ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ተኛሁ። ከታሰርኩ ጀምሮ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም ነበር። የምወጣበትን ቀን ስሰማ እንደ ሕፃን ተኛሁ።"

"እዚህስ?"

"እዚህ ማን ይፈርድልኛል?" አለች። "ሲስተሯን ስንት ወር ነው ብዬ እጠይቃታለሁ። እንደ ሰውነትሽ ነው ትለኛለች። ሰውነቴን እጠይቃለሁ፤ ዝም ይላል።"

"አንቺ ሁለቱንም አይተሻል። የቱ ይሻላል?"

"እስር" አለች ያለ ማመንታት። "እስር ቤት ጠላቴን አውቀው ነበር። በሩን፣ ጠባቂውን፣ የከሰሱኝን ሰዎች በስም አውቃቸዋለሁ፤ ስናደድባቸው እውላለሁ፣ ደሜ ይሞቃል። አሁን በማን ልናደድ? ሳንባዬ ነው። የገዛ ሥጋዬ ነው።"

እኔ ከእሷ ጋር አልተስማማሁም። ባሌ ያንን አጥር ጨብጦ ሲጮህ ያየሁት ፊት ከእኔ ሕመም የሚያንስ አይመስለኝም ነበር። ግን አልተከራከርኳትም፤ ሳሏ ጀምሯት ነበር።

አንድ ጠዋት ሲስተሯ መጥታ ከእኔ ጋር የኖሩት ሰዎች ሁሉ መመርመር እንዳለባቸው ነገረችኝ። አደይንና ልጄን አስቀድማ አስመርምራ ነበር፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ልጄ ግን በየጊዜው ትታያለች። ያን ዜና ስሰማ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ።

"ባለቤትሽስ?" አለች።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብኩትም። ሲታሰር እኔ ማሳል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አብረን ነበር የምንተኛው። አሁን እሱ ያለው ሰው እግር በእግር ላይ ተነባብሮ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ከያዘው እሱ ብቻ አይደለም የሚታመመው፤ የክፍሉ ሰው ሁሉ ነው። በድንገት ማስክ ያደረገ ሰው ከመካከላቸው ጠርቶ ቢያወጣው የክፍሉ ሰዎች ምን ይሉታል? ምንስ ያደርጉታል?

"ማረሚያ ቤት ነው" አልኳት።

ሲስተሯ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። "እሺ። እዚያ ያለውን የጤና ክፍል አነጋግራለሁ። ግን መጀመሪያ ከቤተሰብ ቢሰማው ይሻላል። ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ ይወቅ።"

አደይ በዚያው ቀን ሄዱ። የሆነውን በኋላ ከሁለቱም ስለሰማሁ አብሬ የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ። አጥሩ ጋ ደርሰው ጮኹ፦

"ሚስትህ ደብረ ብርሃን አልሄደችም! ሆስፒታል ናት! ሳንባዋን ታማለች!"

ባሌ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አደይን አስደነገጣቸው። ሳቀ። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንባው እየወረደ ሳቀ።

"ጥላኝ አልሄደችም?"

"ምን?"

"ጥላኝ አልሄደችም ወይ?"

አደይ የዋሹት ውሸት እዚያ ውስጥ ሌላ ትርጉም እንዳለው አላወቁም ነበር፤ እኔም አላወቅኩም። በክፍላቸው ሚስቶቻቸው "ወደ ቤተሰባቸው የሄዱ" ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ እናት ታመመች ይባላል፣ ቀጥሎ ጠያቂዋ እየራቀች ትመጣለች፣ በመጨረሻ የፍቺ ወረቀት ይደርሳል። ባሌም የራሱን ተራ ሲጠብቅ ነበር የከረመው። አማራ አገር ሄደች፣ ከእንግዲህ አትመለስም፣ ልጄንም ትወስዳታለች እያለ። ከሞቱት ሽማግሌ ቀጥሎ ያስፈራው የነበረው ይሄ እንደሆነ ነገረኝ።

ከዚያ "ሳንባ" የሚለው ቃል ዘግይቶ ደረሰው፤ ሳቁ ቆመ።

"ምን ዓይነት? አደይ! ምን ዓይነት ሳንባ?"

ሰዓቱ አልቆ ጠባቂው ጠያቂዎቹን ማስወጣት ጀምሮ ነበር። አደይ እየተገፉ ሄዱ። እሱ መልሱን ሳይሰማ ቀረ።

በማግሥቱ ጠርተው አወጡት። ውጤቱ እስኪመጣ ለብቻው ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል አቆዩት። ፍራሹን ሊያመጡለት ወደ ክፍሉ የሄዱ ሰዎች ፍራሹን ግቢው ውስጥ ተጥሎ አገኙት፤ የክፍሉ ሰዎች ቀድመው አውጥተውት ነበር። አልፈረደባቸውም። እሱ ራሱ የሚተነፍሰው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ነበር፤ ማንም ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ።

እኔም በወገኔ እጠብቅ ነበር። ያ የመጠባበቅ ጊዜ በሕይወቴ ከነበረው ሁሉ የከፋው ነው። ክኒኑን ስውጥ አስታውከዋለሁ፤ እንደገና ይሰጡኛል። ጎኔ ያለችው ሴት እጇን ዘርግታ የአልጋዬን ብረት በጣቷ ታንኳኳለች፤ አለሁ ማለቷ ነው። መናገር እየከበዳት መጥቶ ነበር። ያን ሰሞን ኦክስጅን ወዳለበት ክፍል አዛወሯት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘመዶቿ መጥተው ልብሷን ሲሰበስቡ አየሁ። ማንም ምንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንሶላው ተቀይሮ አልጋዋ ለሌላ ሰው ሲዘጋጅ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሲስተሯ በዚያው ሰሞን ገባችና ማስኳን ሳታስተካክል፣ ገና ከበሩ "ነጻ ነው!" አለች። "ባለቤትሽ ነጻ ነው። አክታውም ራጁም።"

ደስ አለኝ ማለት አልችልም። የሰውነቴ ጅማት ሁሉ ተፈታና ተኛሁ። ያቺ ሴት ስለ ፍርዱ ቀን የነገረችኝ ያኔ ገባኝ።

ባሌ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የክፍሉ ተጠሪ፣ ሸምገል ያሉ እስረኛ ናቸው፣ ፍራሹን ራሳቸው አነጠፉለት። ፍራሹን ያወጣው ሰው ይቅርታ ጠየቀው። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ መስኮት ሥር ካልሆነ መተኛት አልቻለም።

የእሱ ጉዳይ በመጨረሻ ለፍርድ ቀረበ። አገር ሽማግሌዎች መሃል ገብተው ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ዕርቅ ወርዶ ነበር። አደይ የሟቹን ባለቤት እግር ስመው፣ ሁለቱ አሮጊቶች ተያይዘው አልቅሰዋል። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነህ ብሎ፣ የታሰረበትን ጊዜ ቆጥሮ፣ ቀሪውን ቅጣት በገደብ አድርጎ ለቀቀው።

ከማረሚያ ቤት በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። እኔ ያኔ አክታዬ መጽዳት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እንድሞቅ ተፈቅዶልኛል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከበሩ ሲገባ አየሁት። ሊያቅፈኝ ሮጠ፤ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። ከወንበሩ ማዶ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም ማስክ አድርገናል።

"ጠቁረሻል" አለኝ።

"መድኃኒቱ ነው። አንተ ደግሞ ነጥተሃል።"

"ፀሐይ የለም እኮ።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መቀያየር ቢቻል ኖሮ" አለ። "እኔ ታምሜ አንቺ ታስረሽ ቢሆን። አንቺ እስሩን ትችይው ነበር። ከሰው ትግባቢያለሽ፣ መጽሐፍ ታነቢያለሽ። እኔም ሕመሙን እችለው ነበር።"

ሳላስበው "አልቀያየርም" አልኩት።

"ለምን?"

"አንተ ዓይንህን ስትጨፍን የሚመጡብህ ሽማግሌ አሉ። እኔ ዓይኔን ስጨፍን ማንም አይመጣብኝም። ብሞትም እንኳ ማንንም ሳልገድል ነው።"

ብዬው ደነገጥኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት። እሱ ግን አልተከፋም። ራሱን ነቀነቀ።

"እውነትሽን ነው" አለ። "ግን የእኔ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ሞተዋል። አንቺን በየቀኑ ስትሞቺ ነው የማይሽ የነበረው። አደይ በአጥር ብቅ ባሉ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ነጠላቸውን ነበር፤ ጥቁር ለብሰው ይሆን እያልኩ።"

አውሮፕላን ከበላያችን ወደ ማረፊያው ዝቅ ብሎ አለፈ። የጉብኝት ሰዓት ሲያልቅ ተነስቶ፣ ወንበሩ ላይ እኔ እጄን አሳርፌበት የነበረውን ቦታ በመዳፉ ነክቶ ሄደ።

ሕክምናዬን ጨረስኩ። ድነሻል ብለውኛል። ቆዳዬ ቀስ እያለ ተመልሷል፤ የግራ እግሬ ጣቶች ግን አሁንም ጫማ መጥበቡን አይነግሩኝም። ወደ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። ባሌ መጀመሪያ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ አሁን እንደገና ይነዳል፤ መንገድ ዳር ሽማግሌ ሲያይ መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ ያቆማል፣ እሳቸው ራቅ እስኪሉ ድረስ። ፍርሃቱ አልለቀቀንም። ስልክ ሳይደውል ሲዘገይ እኔ እታመማለሁ፤ እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ እሱ እጁ ላይ ያለውን ነገር ያስቀምጣል።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ አደይና እኔ ጓሮ ተቀምጠን ምስር እየለቀምን ነበር። ካደረብኝ ስንት ጊዜ የሆነውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

"አደይ፣ ያኔ ለእርስዎ የቱ ነበር የከፋው? የእሱ እስር ወይስ የእኔ ሕመም?"

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ምስሩን በእጃቸው እያገላበጡ አሰቡ።

"ወደ እሱ ስሄድ እግሬ ይፈጥን ነበር" አሉ። "ምንም ቢሆን አጥሩ ጋ ቆሞ አገኘዋለሁ። ወደ አንቺ ስመጣ ግን በሩ ጋ ስደርስ እንደ ድንጋይ እከብድ ነበር። መጀመሪያ የዘበኛውን ፊት አያለሁ። ካልራራልኝ፣ እንደ ወትሮው 'እማማ ይግቡ' ካለኝ፣ በሕይወት አለሽ ማለት ነው።"

"እንግዲያው ሕመሙ ነው የከፋው።"

"አይደለም" አሉ። "የከፋውን እናንተ አታውቁትም። ሁለታችሁም በሌላችሁበት ጊዜ ልጅቷ አተኮሳት። ሳለች። እንደ አንቺ ነበር የምትስለው፣ ከታች፣ ከሆዷ። አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እንደገና እንመርምራት ብለው አክታ ወሰዱ፤ ነገ ነይ አሉኝ። ለማን ልንገር? ለእሱ በአጥር ልጩህለት? ለአንቺ በመስኮት ልንገርሽ? ለጎረቤት? አቅፌያት ተቀመጥኩ። ማስክ አድርጊ ተብዬ ነበር። አላደረግኩም። ከያዛት ይያዘኝ ብዬ።"

"ከዚያስ?" አልኩ።

"ጉንፋን ነው አሉኝ። የጉሮሮ መድኃኒት ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ግቢ ወጥታ ገመድ ትዘል ነበር።"

ምስሩን አራገፉና ሳህኑን አንስተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ልጄ በግቢው በር በኩል ከጎረቤት ልጆች ጋር ትጮሃለች፤ ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፣ ልጄም ደህና ናት። እኔ ግን ከጉልበቴ ላይ የወደቀውን ምስር ትቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ሳል እንደሌለበት እስክረዳ ድረስ ጩኸቷን አዳመጥኩ።